አራጅ ደምሴ ሳይኮሎጂ ያስተማረ ዕለት

ሰው ሲሰዳደብ ሰምታችሁ ታውቁ የለ? ከስድብ ሁሉ የማይጠፋው «ጭንቅላት የለህም» የሚለው ነው። ትንሽ ፊደል የቆጠረው ደግሞ «ጭንቅላቱ ባዶ ነው» ይላል። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ማን ከፍቶ አየው? የሰው ኪስ እንኳ ሳይፈተሽ ባዶ ነው አይባልም። ጭንቅላት ሲሆን ግን ማንም ከመንገድ ተነስቶ ይፈርዳል።

ከፍቶ ያየ ሰው እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። እሱም አባቴ ነው። እንዳትደነግጡ፣ የሰው አላልኩም። የበሬ ነው፣ የበግ ነው፣ የፍየል ነው። ስንት ከፍተሃል ሲሉት «የራሴን ጸጉር ቁጠሩት» ይላል። ግማሹ መመለጡን ግን አይናገርም።

ስሙ ደምሴ ነው። ሚዛን ተፈሪ መጥታችሁ «ደምሴ የሚባል ሰው ፈልጌ ነበር» ብትሉ ሰፈር ለሰፈር ስትዞሩ ትውላላችሁ። «አራጅ ደምሴ» ካላችሁ ግን የመናኸሪያው ተሸካሚ ሳይቀር እጃችሁን ይዞ ደጃችን ያደርሳችኋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? የእሱን ስም ያወጣው መልአክ ቢላዋ ይዞ ነበር መሰለኝ።

ልኳንዳ የለውም። ልኳንዳ ያለው ሰው ሥጋ ሻጭ ነው፤ አባቴ አራጅ ነው። ልዩነቱን ራሱ ያስረዳችሁ እንደሆነ ግማሽ ቀናችሁ አለቀ በሉ። ሰርግ ሲኖር፣ ተዝካር ሲኖር፣ ገናና ፋሲካ ሲደርስ ይጠሩታል። ሦስት ቢላዋ፣ አንዲት ትንሽ መጥረቢያና ሞረዱን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ይሄዳል። ቆዳ ሲገፍ አንድ ቦታ አይበሳም። ቆዳ ነጋዴዎች ገልበጥ አድርገው ያዩና «ይሄ የደምሴ እጅ ነው» ይላሉ፤ የፈረመበት ይመስል።

ዛሬ ይህን ሁሉ ደረቴን ነፍቼ አወራላችኋለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ከጀመርኩ አይቀር እውነቱን ልናገር፤ በአባቴ ሥራ አፍር ነበር።

የጀመረኝ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የአንዲት የክፍል ጓደኛዬ እህት ስታገባ ተጠራን። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ከጓሮ አንድ ድምፅ መጣ። «ትግስቴ! ነይ እስቲ ይችን ጉበት ያዢልኝ።» ሰርገኛው ሁሉ ዞረ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እስከ ክርኑ ደም በደም ሆኖ ቆሟል። ደስ ብሎት ነው የጠራኝ። የሚያምር ጉበት ስላገኘ ለልጁ ሊያሳይ ነው። እኔ ግን ያን ጉበት ይዤ ዳሱን ሳቋርጥ ምድር አፏን ከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ላለኝ ሁሉ መልሴ «የግል ሥራ» ሆነ። ውሸት አይደለም መቼም። የመንግሥት ሥራ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

ጊዜው ነጎደ፣ አስተማሪ ሆንኩ። ሸዋ ቤንች አካባቢ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዲፕሎማዬን ለመያዝ ወደ ሚዛን እየተመለስኩ ኮሌጅ እማራለሁ። ሞባይል ገና ወደ እኛ አገር ብቅ ብሎ፣ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ በሚወጣበት ሰሞን ነው። የክረምት ተማሪ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ሁላችንም አስተማሪዎች ነን። ከቴፒ የመጣ አለ፣ ከቱም የመጣ አለ፣ ከሸኮ የመጣ አለ። ዓመቱን ሙሉ ልጆችን «ዝም በሉ» ስንል ከርመን፣ በክረምት እኛን ዝም የሚያሰኝ ጠፋ።

በዚያ ክረምት ሳይኮሎጂ የሚባል ትምህርት ደረሰን። መምህራችን ይትባረክ ይባላል። ከአዲስ አበባ በዚያው ዓመት ተመርቆ የመጣ፣ ከአብዛኞቻችን በዕድሜ የሚያንስ፣ መነጽር የሚያደርግ ትሁት ልጅ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ አላስቸገረንም። ሳይኮሎጂ ስለ ሰው ጠባይ ያጠናል ይላል። የሰው ጠባይ ማጥናትማ እናቶቻችንም ያውቁበታል። ሁለተኛው ምዕራፍ ሲደርስ ነው ጉድ የፈላው። አንጎልና የነርቭ ሥርዓት።

መምህር ይትባረክ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንጎል ሳለ። ጠመም ያለ ድብልብል ነገር ነው፤ ውስጡ መስመር መስመር፣ ከታች ጭራ የወጣለት። ይሄ ሴሬብረም ነው አለን፤ ማሰብና ማስታወስ የእሱ ነው። ይሄ ሴሬቤለም ነው። ይሄ ሜዱላ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዝናብ መጣ። የእኛ አገር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ታውቁታላችሁ? መምህሩ አፉ ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ ድምፁ ግን ሰማይ ቤት ቀርቷል። ሜዱላ ምን እንደሚሠራ እስከዛሬ ያልሰማ ካለ ጥፋቱ የዝናቡ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ማርቆስ እጁን አወጣ። ማርቆስ የሸኮ ሰው ነው። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አንደኛ ክፍል ሲያስተምር የኖረ፣ በጸሎት ቤታቸውም ወንጌል የሚያስተምር፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እኔ ከዚህ ስዕል የገባኝ ጎደሬ ነው።»

ጎደሬ እኛ አገር ከመሬት ቆፍረን፣ ቀቅለን የምንበላው ሥራ ሥር ነው። ማርቆስ አልሳቀም፤ ከልቡ ነው የተናገረው። መምህሩ ዞር ብሎ ስዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው። እሱም ጎደሬው የታየው መሰለኝ።

በሳምንቱ አጭር ፈተና ሰጠን። ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ ሚዛን የሚጠብቀው ሜዱላ ነው፣ ትንፋሽ የሚቆጣጠረው ሴሬቤለም ነው ብዬ ገልብጬ ጻፍኩ። በእኔ መልስ ከሄድን ከወንበር የወደቀ ሰው ሁሉ ትንፋሹ ይቆማል። ይትባረክ ወረቀቱን ሲመልስልን ፊቱ ገርጥቷል። የመጨረሻው ፈተና ብዙው ከዚህ ምዕራፍ ነው፣ የወደቀ ሰው ክረምቱን ሙሉ ይደግማል አለን። መድገም ማለት ለእኛ ቀልድ አይደለም። ልጅ ጎረቤት ጥሎ የመጣ አለ፣ የቡና አረም ትቶ የመጣ አለ። ይትባረክ ደግሞ እውነተኛ ልጅ ነው።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለ። «እኔም በመጽሐፍ አወቅሁት እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

አስተማሪ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም ነበር። እኔም ልጆቼን እንዲህ ብዬ አላውቅም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድነው።

አሁንም የተነሣው ማርቆስ ነው። እኛ ልጆቻችንን መቁጠር ስናስተምር የቡና ፍሬ እጃቸው ላይ እናደርግላቸዋለን እንጂ የቡና ስዕል አናሳያቸውም አለ። ስለዚህ አዋጥተን በግ እንግዛ፣ ራሱን እንማርበት፣ ሥጋውን እንብላው። ክፍሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ አንዷ «ፍልሰታ እኮ ነው» አለች። የኦርቶዶክሶቹ ጭብጨባ ቆመ። ማርቆስ ጥቂት አሰበና እንግዲያው ራሱን ሁላችንም እናያለን፣ ሥጋውን ግን የእናንተን ድርሻ ጨምረን እኛ እንሸከማለን አለ። ፕሮቴስታንቶቹ ይህን ሸክም በደስታ ተቀበሉት።

ቀጥሎ ጥያቄው ማን ይክፈተው ሆነ። ከቴፒ የመጣ አንድ ጎረምሳ መዶሻ አለኝ አለ። ይትባረክ ደነገጠ። አንጎል እንደ እርጎ ለስላሳ ነው፣ በመዶሻ ከተመታ የምናየው ሾርባ ነው አለ። ያን ጊዜ ከወደ በሩ አንድ ሰው ተናገረ።

«አራጅ ደምሴ አለ አይደል እንዴ? ሙሉውን ሳይነካ ያወጣዋል። ገበያ ወርዶ ማንንም መጠየቅ ነው።»

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። የስም መጥሪያው ላይ «ትዕግሥት ደምሴ» ተብዬ ተጽፌአለሁ። ነገር ግን ደምሴ በአገሩ ሞልቷል፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የዚያን ቀኑ የእኔ ዝምታ ግን ቆርቆሮም አይወጣው።

ማምሻውን አባቴ ከገበያ ገባ። ገና ከበር ወሬውን ጀመረ። አንድ መነጽር ያደረገ አስተማሪና አንድ የሸኮ ሰው አገኙኝ፣ ኮሌጅ መጥተህ በግ አርደህ ራሱን ፍታልን አሉኝ አለ። እሱም ፍልሰታ ነው፣ እኔ ብቻ ሳልሆን ቢላዋዬም ይጾማል ብሎ መለሰላቸው። «ማረዱን እናንተው እረዱት፣ አንገቱን ከራሱ ጋር አቆዩልኝ። ራሱን እኔ እፈታዋለሁ። ራስ መፍታት ጾም አያስፈታም አልኳቸው።» ይችን ነገር ወዷታል። ለእናቴ ደግሞ ነገራት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ትግስቴ፣ ያ ልጅ የሚያስተምረው አንቺን ነው እንዴ?»

«አይ፣ እኔ ሌላ ክፍል ነኝ» አልኩት።

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። የመምህሬን ስም፣ የመነጽሩን ቅርጽ ሳይቀር ነግሬያታለሁ። አባቴ «እህ» አለ። ሞረዱን አንስቶ ቢላዋውን መሳል ጀመረ። ትምህርቱ ከነገ ወዲያ ነበር።

ያን ቀን መቅረት አልቻልኩም፤ ስም ይጠራል። ስለዚህ መጨረሻው ረድፍ ሄጄ ከቱም የመጣ አንድ ትከሻው የሰፋ ሰው ጀርባ ተደበቅሁ። በልቤ የማየው ያንን የሰርግ ቀን ነው፤ የተሰበሰበ እጅጌ፣ ክርን ድረስ ደም። በሩ ተከፈተና አባቴ ገባ። ጺሙን ተላጭቷል። ለጥምቀት የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ጫማው ተወልውሎ ያንጸባርቃል፤ በዚያ ሁሉ ጭቃ ውስጥ እንዴት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቢላዋዎቹን በአዲስ የእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ማርቆስ የበጉን ራስ በትሪ ተሸክሞ ከኋላው ገባ።

እንግዳ ሲገባ መቆም አለና ሁላችንም ተነሣን። ሲቆሙ ደግሞ ከሰው ጀርባ መደበቅ አይቻልም። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አሁን ሊጠራኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እንደ አንድ የክፍሉ ወንበር አየኝና አለፈ።

«ተቀመጡ ልጆቼ» አለ፤ ወዲያው አረመው። «ይቅርታ፣ መምህራን ናችሁ ለካ። ተቀመጡ፣ መምህራን።»

ጠረጴዛው ላይ ቅጠሉን ዘረጋ። ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠ። መጥረቢያዋን በአጭሩ ይዞ የራስ ቅሉን ዙሪያውን ቀስ እያለ ይነካው ጀመር፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። መምታት አይባልም፣ ማንኳኳት ነው። ከዚያ የቢላዋውን ጫፍ አስገብቶ አንድ ጊዜ ሲያነሣው፣ አጥንቱ እንደ ሙዳይ ክዳን ተነሣ። ውስጡ ያለውን ቀጭን ሽፋን በጣቱ ገፈፈው። አንጎሉ ሙሉውን ተቀምጧል፤ እጥፋቱ፣ ደም ሥሩ፣ መሐሉን የሚከፍለው መስመር። አንድ ቦታ አልተጫረም። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛ ክፍል እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ሁሉም ተነሥቶ ጠረጴዛውን ከበበ። እኔ ብቻ ቀረሁ። አባቴ ቀና አለ።

«እርስዎም ይምጡ እንጂ፣ መምህርት» አለኝ። «ከዚያ ሆነው አይታይዎትም።»

አባቴ በሕይወቱ «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ፣ ተሸክሞ የቆመልኝ እሱ። እንዴት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እንደደረስኩ አላውቅም። ብቻ ፊት ለፊቱ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«በሉ መምህር፣ ምኑን ላሳይዎት?» ሲል ይትባረክን ጠየቀው።

ይትባረክ በእጁ የያዘውን መጽሐፍ አየ፤ በጉን አየ። መጀመሪያ ሴሬቤለምን አለ። አባቴ እሱን በአማርኛ ይንገሩኝ አለው። ሲራመዱ እንዳይወድቁ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ነው ሲለው ወዲያው ከኋላ በኩል ያለችውን፣ ትንሽ አበባ ጎመን የምትመስለውን ነገር በቢላዋው ጀርባ ነካት።

«ይቺ ናታ። እቺ የተነካባት በግ እንደ ሰካራም ነው የምትሄደው። ሚዛን ጠባቂ ከሆነችማ ያገራችን ልጅ ናት።»

ከዚያ ስለ አዙሪት ነገረን። አዙሪት የያዛት በግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለችበት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሰው ቡዳ በላት ይላል። አባቴ ግን እንዲህ ያለች በግ በታረደች ቁጥር ራሷን ሲፈታ አንጎሏ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያገኛል። ወደ ቀኝ የምትዞረዋ አብዛኛውን ጊዜ ከረጢቱ ያለባት በቀኝ ነው፣ ወደ ግራ የምትዞረዋ በግራ። ይትባረክ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። መምህር ተማሪ ሆኖ ሲጽፍ ሳይ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ። ገና ስሙን አላወቅሁትም ነበር።

ሜዱላ ቀጠለ። ይትባረክ ትንፋሽንና የልብ ምትን የሚያዝዝ ነው አለ። አባቴ ራስና አንገት የሚገናኙበትን ቦታ አሳየ። እዚህ ጋ ከኋላ ቢላዋ ከገባ በሬ እንደ ግንድ ይወድቃል፣ ትንፋሹም ወዲያው ቀጥ ይላል አለ። እሱ ግን ከፊት ነው የሚያርደው፤ ልቡ መምታቱን ካላቆመ ደሙን ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። ይህን ሲናገር ሁላችንም ሳናውቀው ማጅራታችንን ዳሰስን።

ቀጥሎ አንጎሉን ከሥሩ ቀስ አድርጎ ቀና አደረገው። ከሁለቱ ዓይኖች የመጡ ሁለት ነጫጭ ገመዶች መሐል ላይ ተጣምረው ታዩ።

«የዓይን ገመድ ነው» አለ አባቴ። «እዚህ ይተላለፋል፣ እንደ መስቀል።»

ይትባረክ መነጽሩን አውልቆ አጎነበሰ። መጽሐፉ ላይ ስንት ጊዜ አይቶታል። በዓይኑ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። «ልንካው?» አለ፣ ልክ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ። አባቴም እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ሲለው የቆየውን ልጅ «ንካው ልጄ፣ ንካው፤ ብቻ አትጎትተው» አለው።

ከዚያ መጠየቅ የአባቴ ተራ ሆነ። ፍርሃት የት ነው የምትቀመጠው አለ። ይትባረክ በሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ ጠልቃ፣ የለውዝ ፍሬ የምታክል ነገር አለች፣ እሷ ናት አለው። አባቴ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየ። «እንግዲህ በግ ገመዷን ስይዛት የምትንቀጠቀጠው ከዚህ ነው» አለ። «እኔ ቢላዋ አሳይቻት አላውቅም። ከጀርባዬ ነው የምይዘው።» ቢላዋውን በጨርቅ ጠረገ። ወደ እኔ አላየም።

«ሀፍረትስ፣ መምህር? ሀፍረት የት ነው ያለችው?»

ይትባረክ አሰበ። ከፊት በኩል ነው የሚሉ አሉ፣ እዚች ጋ ናት ብሎ ጣቱን የሚያሳርፍ ግን የለም አለ። በግ ደግሞ የሚያፍር አይመስለኝም አለ።

«ልክ ነህ» አለ አባቴ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስፈታ እኔም አላገኘኋትም። የሰው ብቻ ናት ማለት ነው።»

ሀፍረት አንጎል ውስጥ የት እንዳለች እኔም አላውቅም። የት እንደምትሰማ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ። ጆሮ ላይ ናት፣ ጉንጭ ላይ ናት፣ ጉልበት ላይ ናት። ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ያዘችኝ።

«መምህር፣ ይቅርታ» አልኩ። «አባቴ ነው።»

ይትባረክ አልገባውም። «ማን?» አለ።

«እሳቸው። አባቴ ናቸው። እኔ የአራጅ ደምሴ ልጅ ነኝ።»

ሰው ሁሉ እኔንና እሱን ያስተያያል፤ አፍንጫችን አንድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያዩት። አባቴ ቢላዋውን ጠርጎ ጨረሰ።

«ሥራ ላይ ነን፣ ትግስቴ» አለ። «በይ መጥረቢያዋን አቀብዪኝ።»

አቀበልኩት። እጅጌዬን ሰብስቤ አጠገቡ ቆምኩ። ማርቆስ በጠረጴዛው ላይ ተሻግሮ እጄን ጨበጠኝ። «እህቴ» አለ፣ አሁንም ከልቡ ነው፣ «እንዲህ ያለ አባት ቤትሽ እያለ ለምን ነው ሁለት ሳምንት ጎደሬ ስናይ ዝም ያልሽን?»

የቀረውን አብረን ሠራነው። አንገቱን እኔ ያዝኩ፣ እሱ አከርካሪውን ሰነጠቀ። ውስጡ ያለውን ነጭ ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰር የሚሉትን፣ ሳይበጠስ አወጣው። ከጎኑ እንደ ክር የሚወጡትን ነርቮች አንድ በአንድ አሳየ። ራሷ የተቆረጠ ዶሮ ግቢውን የምትዞረው ማን እያዘዛት ነው ብሎ ክፍሉን ጠየቀ። «ይሄ ነው» አለ ገመዱን ከፍ አድርጎ። «ራስ ቢሄድም ይሄ ለጥቂት ጊዜ የለመደውን ይሠራል።» ይትባረክ እጃችን እሳት ሲነካ ገና ሳናስብ የምንመነጭቀው በዚሁ ነው አለ። እኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቴ እጅ ላይ ገባኝ። ደረቴ ውስጥ ሞቅ ያለው ነገርም ስሙ ኩራት እንደሆነ አወቅሁ።

ሲጨርስ ይትባረክ ሁላችንንም አስነሣን። አጨበጨብን። አባቴ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ እሱም አብሮን አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንሄድ የእንሰት ቅጠሉን እኔ ያዝኩ። በአስፋልቱ፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው በሚያየን በኩል። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለ በጉ ያወራኛል። ጤነኛ በግ ነበር አለኝ። ጥርሱን አይቼዋለሁ፣ ዕድሜውም ደህና ነበር አለኝ። ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። «እንዴት ነበር?» አለችን። አባቴ ኮቱን እያወለቀ «ልጅሽ እጇ አይንቀጠቀጥም» አላት። ከዚህ በላይ ሙገሳ ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እሷንም ያን ምሽት ሦስት ጊዜ ደገማት።

የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። አዳራሹን ብታዩት በሳቅ ትሞታላችሁ። ስለ ሚዛን የሚጠይቀው ላይ ሲደርስ ተማሪው ሁሉ የራሱን የኋላ ክፍል ይነካል። ስለ ትንፋሽ ሲመጣ ማጅራት ይዳሰሳል። ፈታኙ ኩረጃ መስሎት ተነሥቶ ይዞር ጀመር። ምልክት ተለዋወጣችሁ ብሎ እንዳይቀጣን ፈርተን ነበር፤ ግን ማጅራትን መዳሰስ የሚከለክል ደንብ አላገኘም። ያ ምዕራፍ ማንንም አልጣለም። ኤ ያገኘው ማርቆስ ነው። እኔ ቢ አገኘሁ። አባቴ ቢ ከኤ እንደሚያንስ ሲሰማ ትንሽ ቅር አለው፤ ከሸኮ የመጣ ሰው እንዴት ከእኔ ከአራጁ ልጅ ይበልጣል አለ።

ወሬው ከተማውን ሞላው። ኮሌጅ አስተማረ ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሞች መጥተው ጠየቁት ተባለ። ሚዛን ውስጥ ወሬ በእግሩ አይሄድም፣ በፈረስ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ሰዎች በግ ሊያሳርዱት መጥተው ስለ ራስ ምታታቸው ያማክሩት ጀመር። እሱም ሐኪም አይደለሁም፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ ይላል። ይላል እንጂ ሲጠየቅ ደስ እንደሚለው እኔ አውቃለሁ። ኮቱንም አዘውትሮ መልበስ ጀመረ።

አንድ ቀን አብረን በር ላይ ተቀምጠን ሳለ ከላይ ሰፈር አንዲት እናት ልጃቸውን እየጎተቱ መጡ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ወድቋል። እናትየው ልጁን ወደ አባቴ ገፋ አደረጉት።

«ጋሽ ደምሴ፣ ትምህርት አልገባ ብሎታል። እርስዎ ጭንቅላት ያውቃሉ አሉኝ። እስቲ ውስጡ ምን እንዳለ ይዩልኝ።»

አባቴ ልጁን አስጠግቶ ግንባሩን ዳሰሰ፣ ማጅራቱን ዳሰሰ፣ ግራና ቀኝ አዞረው። አባቴ አሰብ አደረገና በታላቅ አክብሮት መለሰላቸው።

«የውጩ ደህና ነው፣ እመቤት። ውስጡን ግን እኔ የማየው ካረድኩ በኋላ ነው።»